ከሬዲዮው ክዳን ውስጥ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሳንሱሲ

የአባቴን ሬዲዮ በጋቢ ጠቅልዬ ከቤት ወጣሁ። አባቴ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ መንጋቱን የሚያውቁት በዚህ ሬዲዮ ነበር። እሱ ዝም ካለ ጀምሮ በየሌሊቱ ይጠሩኛል፤ "ነጋ እንዴ?" አዲስ ብገዛላቸው ቁልፎቹን ዳበስ ዳበስ አድርገው መለሱልኝ። "ይኼንን እጄ አያውቀውም" አሉ። ዛሬ ሳላሠራው አልመለስም ብዬ ምያለሁ።

2 ሰዓት፣ አየር ጤና

ታክሲው ጢም ብሎ ነበር። ረዳቱ እቅፌን አየና፣ "ሕፃን ነው እንዴ ፋዘር?" አለኝ። "ሽማግሌ ነው" አልኩት፤ ሳቀ።

ጭቃ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የተጠበሰ በቆሎ። ድሮ እዚህ ሬዲዮ ጠጋኞች በር ለበር ነበሩ። አሁን የገባሁባቸው ሱቆች ሁሉ የስልክ ከቨር ይሸጣሉ። አንዷ ሻጭ ሬዲዮውን በሁለት ጣቷ ገልበጥ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ አይሠራም፤ ይጣሉት።"

"የማይሠራው ሬዲዮው ነው ወይስ የሚሠራው ሰው ነው የጠፋው?" አልኳት፤ ንዴቴ መጥቶ። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ዘነበወርቅ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ካልዘጉ" አለችኝ።

4 ሰዓት ተኩል፣ ዘነበወርቅ

ሻጯ የጠቆመችኝ ሽማግሌ፣ ጋሽ ወልዴ፣ ዕቃቸውን ጆንያ ውስጥ ሲከቱ ደረስኩ።

"ነገ የሱቁን ቁልፍ አስረክባለሁ" አሉኝ። "ሙያውን የሚማርልኝ ሰው አጣሁ፤ እጄም ከዳኝ።" እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሬዲዮውን ሲያዩ ግን ጆንያውን ለቀቁት።

ክዳኑን አስከፈቱኝና ጎንበስ ብለው አዩት። ከውስጥ በኩል በእስክሪብቶ ሦስት መስመር ተጽፎበታል፤ ብልሽቱና የሠራው ሰው ስም። ስም ሳይጽፉ ክዳን አይዘጋም፤ የሙያው ደንብ ነው። ሦስቱም ላይ "ወልዴ" ይላል።

"የታደለ ሬዲዮ! አንተ የታደለ ልጅ ነህ?"

"አዎ፣ ታደለ አባቴ ናቸው፣ ጋሼ።"

"ይቺ ሽቦ ናት የለቀቀችው። በል፣ መበየጃውን ያዝ።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን አለ?"

ሁለቴ አበላሸሁት፤ ጣቴንም አቃጠልኩ። "ቀስ በል እንጂ! እስኪቀልጥ ጠብቅ… አሁን አንሳ!" ሬዲዮው ሽሽሽ አለና አንዲት ሴት ዜና ማንበብ ጀመረች። ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እስክሪብቶ ሰጡኝ። የእሳቸውን ስም ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

"የበየደው ይጻፍ። እዚህ ላይ ውሸት አይገባም።"

ከሦስቱ ወልዴ ስር፣ እያፈርኩ፣ ስሜን ጻፍኩ።

9 ሰዓት፣ ሳንሱሲ

አባቴ ቁልፉን አዞሩ። ድምፁን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ወልዴ ነው አይደል የሠራው? የእሱን እጅ አውቀዋለሁ።"

"አዎ፣ እሳቸው ጋ ነው የተሠራው።"

"እሰይ! እንግዲህ ነገም ቢበላሽ ወልዴ አለልኝ።"

የተቃጠለ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩ።