ከቆጠራው የተዘለሉት

ሐረገ ወይንን የጉበት ሽታ ያንገሸግሻት ነበር። የባሏ ታላቅ ወንድም ገብረ ሥላሴ በሰፈሩ በግ በታረደ ቁጥር ጉበቱን በቅጠል ጠቅልሎ ይመጣል። ፍም ላይ ጣል ያደርገውና የልጇን የአዱኛን አንገት ጨምድዶ ፊቱን ከጭሱ ላይ ይደፋዋል። «ሽተተው፤ ዳፍንት ይህን አይችለውም» ይላል። ጉበቱን በኋላ የሚበላው ራሱ ነው። ደሙን ከጢሙ በመዳፉ ይጠርግና መዳፉን በቤቷ ምሰሶ ያብሳል። ምሰሶው እዚያች ቦታ ላይ ጠቁሯል።

አዱኛ ቀን ሲያርስ ትልሙ የማይጣመም ጎልማሳ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች ግን የገዛ በረቱን በር በዳበሳ ይፈልጋል። አባቱ ጥጋቡም የጀመረው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ምሽቱ፣ ቀጥሎ ግራና ቀኙ፣ በመጨረሻም ቀኑ ጨልሞበት ከምድጃው ጥግ ተቀምጦ ቀረ።

ሐረገ ወይን በልጅነቷ ወደ ስማዳ ስትዳር ይህን የነገራት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የመጡት በቀትር ነበር። ነገሩ የገባት የባሏ አባት ወልደማርያም ራት ላይ እጃቸውን ወደ ገበታው ሰድደው አመድ ሲዘግኑ ባየች ጊዜ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ደብረ ታቦር አንድ ድሬሰር የሚባል የሐኪም ረዳት ነበረ። ልጇን ይዛ ስትሄድ ገብረ ሥላሴ «ሴት ብቻዋን ምን ትላለች» ብሎ ተከተላት። ድሬሰሩ የልጁን ዓይን በባትሪ አየና፣ «ከአባቱ ወገን እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ ዓይነት ስላለ ነው» ብሎ ጠየቀ።

«የኛ ዘር ንጹሕ ነው» አለ ገብረ ሥላሴ። «ምች መትቶት ነው።»

ሐረገ ወይን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ይኸው የገብረ ሥላሴ አፍ ወገዳ ከተማ በርስት ክርክር ጊዜ፣ ዳኛው ፊት ቆሞ «የዕውሩ ማሩ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ እንኳ ድንበሩን በእግራቸው ረግጠው የሚያውቁት» ሲል ሰምታዋለች። ለመሬት ሲሆን የሚቆጠሩት አያት፣ ለበሽታው ሲሆን አልተወለዱም።

በዓመቱ ገብረ ሥላሴ ከእስቴ ማንጠግቦሽ የምትባል ልጅ ለአዱኛ ጠየቀ። የልጅቱ አባት አቶ ሥዩም በሬያቸው ብዙ ነው፤ እሱ የጓጓውም ለዚያ ነው። አቶ ሥዩም ሰባት ቤት አስቆጥረው ዝምድና አለመኖሩን ሊያረጋግጡ በመጡ ዕለት፣ ገብረ ሥላሴ ጥጋቡን ጎትቶ ጓዳ ከተተው።

«ወገዳ ገበያ ወርዷል ብያለሁ። ሳልህን ዋጥ» አለው።

«አያ፣ አባቱ ጓዳ ተደብቆ ልጁ ይዳራል?» አለች ሐረገ ወይን።

«ዝም በይ አንቺ። በቀን ነው የጠራኋቸው፤ ሳይመሽ ይሄዳሉ።»

«እኔንም የጠየቃችሁኝ በቀን ነበር።»

«ታዲያ ምን ጎደለብሽ? ወልደሻል፣ በልተሻል።»

ሐረገ ወይን ጠላ ልትቀዳ ገንቦውን አነሣች። የማታውቃት ልጅ፣ እንደሷ፣ አመድ የሚዘግን እጅ እስክታይ ምንም ሳትሰማ ልትመጣ ነው።

እንግዶቹ በሉ። ገብረ ሥላሴ የወጡ ቅባት በጢሙ እየወረደ ቆጠራውን ጀመረ። «አዱኛ የጥጋቡ፣ ጥጋቡ የወልደማርያም፣ ወልደማርያም የአዳነ...»

አዳነ የማሩ ወንድም ነበሩ፤ ዓይናቸው ደህና የነበረ። ሐረገ ወይን የያዘችውን ገንቦ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ጥጋቡ ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

«አያቴን ለወጣቸው፤ ሰማሽ?» አላት።

«ሰማሁ። ትወጣለህ?»

እጁን ዘረጋላት። እየመራች ወደ እንግዶቹ መሐል አወጣችው። አዱኛ አባቱን ሲያይ ፊቱ ደም ለበሰ፤ ግን ተነሥቶ በርጩማውን ለቀቀለት።

«ወገዳ ወርዷል አልተባለም?» አሉ አቶ ሥዩም።

«የወረድሁት ከጓዳ እስከዚህ ነው» አለ ጥጋቡ። «ቆጠራውን እኔ ልጨርስልዎ። ወልደማርያም የአዳነ ሳይሆኑ የዕውሩ ማሩ ልጅ ናቸው። የማሩ ዓይናቸው ጠፋ፣ የአባቴም ጠፋ፣ እኔንም ይኸው ያዩኛል። ልጄ በምሽት ጀምሮታል። ልጅዎን የሚሰጡን ከሆነ አውቀው ይስጡን።»

አቶ ሥዩም እጃቸውን ታጠቡ። ገብረ ሥላሴን ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ «ካንተ ጋር በአንድ ገበታ መቀመጤ ይቀፈኛል» አሉና ገና በጠራራ ፀሐይ ሰዎቻቸውን ይዘው ወጡ።

ጋብቻው በመፍረሱ አዱኛ እናቱን ብዙ ቀን አላናገራትም። አንድ ምሽት ግን ደጃፍ ላይ ቃጫ ሲገምድ አገኘችው።

«ከበሩ እስከ ምንጩ ልዘርጋው» አላት። «ለአባባ። ለኔም።»

አጠገቡ ተቀምጣ ጫፉን ያዘችለት።

ገብረ ሥላሴ ግን አያፍርም፤ ዳግመኛ ጉበቱን በቅጠል ጠቅልሎ መጣ። ተቀበለችውና ከነቅጠሉ ለውሻው ወረወረችው። ከዚያ ምሰሶውን በአመድና በሙቅ ውኃ ስትፈትግ ዋለች።

ዝናቡ ሲያባራ አዱኛን ይዛ፣ ያለ ተከታይ፣ ደብረ ታቦር ተመለሰች። ድሬሰሩ አስታወሳትና ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። መድኃኒት እንደሌለው፣ ነገር ግን የዘመድ ልጆችን ዓይን ከወዲሁ መርምሮ ማወቅ እንደሚበጅ ነገራት። ሐረገ ወይን ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና ከማሩ ጀምራ ቆጠረችለት። አንድም አልዘለለች።