ያልተሰማው ጥሪ

«ጋሽ ዙር» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ማብረር በሚያስተምርበት ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ መቆጣጠሪያ ማማ የለም። ያለው አንድ የሣር መንደርደሪያ፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ የነፋስ ከረጢት ነው። ግባ የሚል የለ፣ ቆይ የሚል የለ። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያችኑ ትምህርት ሲደጋግም ኖረ፦ መጀመሪያ ከላይ ሆነህ ከረጢቱን እይ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እወቅ፣ ከዚያ መንደርደሪያውን በግራህ አድርገህ ዙር፤ በየመታጠፊያው ያለህበትን በሬዲዮ ተናገር፤ ሌላው የሚለውን ስማ። የቸኮለ ተማሪ ሳይዞር በቀጥታ ልግባ ካለ፣ «የእናትህ ቤት ነው እንዴ በጓሮ በር የምትገባው?» ይለው ነበር።

እሱ ራሱ ከዚህ ሥርዓት ዝንፍ ብሎ አያውቅም። የከዳችው የመጨረሻዋ ቃል ናት፤ ስማ የምትለዋ።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ጆሮው እየደከመ ነበር። የወንድ ወፍራም ድምፅ ይመጣለታል፤ ቀጭን ድምፅ ግን ከሞተሩ ጩኸት ጋር ተደባልቆ ይጠፋበታል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። በየዓመቱ በሚደረገው የጤና ምርመራ ላይ ሐኪሙ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስላናገረው፣ ከንፈር ከንፈሩን እያየ መለሰና አለፈ። ሚስቱ ከጓዳ ተጣርታ መልስ ስታጣ፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ያንተን አይተው ነው መሰለኝ» ብላ ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል። ሆዱ ግን አይስቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የከብት ሐኪሙን ከሩቅ እርሻ አሳፍሮ ተመለሰ። ከረጢቱን አየ፣ ዙሩን ጀመረ፣ ያለበትንም እንደ ወትሮው ቃል በቃል ተናገረ። የመለሰለት አልነበረም፤ ሰማዩ የብቻው መሰለው። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሊደርስ ሲል፣ በቀኙ የተቀመጠው የከብት ሐኪም ክንዱን ጨምድዶ ያዘው።

«ታች! በቀኝ በኩል፣ ታች!»

አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየ። ቢጫዋ የጸረ ተባይ መርጫ አውሮፕላን ጭስ እየተፋች፣ ዝቅ ብላ፣ በቀጥታ ወደ መንደርደሪያው እየገባች ነው። ታጥፎ ቢሆን ኖሮ የሚወርደው ጀርባዋ ላይ ነበር። ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥቶ ሽቅብ ተነሣና እንደገና ዞረ።

የቢጫዋ አብራሪ የራሱ ተማሪ የነበረች ሴት ናት። የራስ ቁሯን ሣሩ ላይ ወርውራ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሞተሬ እየሞተ ነው፣ በቀጥታ እየገባሁ ነው እያልኩ ስጮህ!»

«አልተናገርሽም» አለ። ቃሉ ሳያስበው አመለጠው።

«አልተናገርኩም?» ብላ ወደ ከብት ሐኪሙ ዞረች።

ሐኪሙ መሬት መሬት እያየ፣ «ሦስት ጊዜ ተናግራለች» አለ። «እኔም በማዳመጫው ሰምቻታለሁ። እርስዎ ዝም ሲሉ ጊዜ… ያውቁታል ብዬ ነው።»

ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አየ። በምትኩ የመጣው ነገር ከቁጣው ይልቅ አንገበገበው። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታው ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ዞር ብላ አየችው።

«አሁን ያልኩትን ሰሙ?»

የተናገረች መሆኗን እንኳ አላወቀም ነበር። እሷ ማልቀስ ጀመረች።

ማታ ለሚስቱ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷም ጆሮዋን ማመን አቅቷት፣ «ቤት ውስጥ እንደማትሰማኝማ አውቃለሁ» አለች። «አየር ላይ ግን እንዲህ ትሆናለህ ብዬ… እኔ እኮ ስቄብህ ነው የኖርኩት።»

በማግስቱ ማንም ሳይጠይቀው የማብረር ፈቃዱን ወስዶ ለአቪዬሽን ቢሮው አስረከበ። ወሬው ሲሰማ ሰው ሁሉ ወንድ ነው፣ ጨዋ ነው አለ። ምስጋናው ግን እንደ እሾህ ወጋው። አንዷን ቀን አውቋል፤ ሌሎቹስ? በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ብሏል? እንቅልፍ ሲነሣው ሜዳውን የሚጠቀሙትን አብራሪዎች ስም ወረቀት ላይ ጻፈና አንድ በአንድ ይጠይቃቸው ጀመር። «ጠርታችሁኝ ያልመለስኩበት ቀን አለ?» አብዛኞቹ የለም አሉት። እውነታቸውን ይሁን ለይሉኝታ፣ መለየት አልቻለም።

መንገደኛ የሚያመላልሰው ድምፀ ቀጭን አብራሪ ግን ነዳጅ እየቀዳ ሳለ እጁን ገታ አደረገ።

«አንድ ጊዜ፣ ባለፈው ክረምት። እየገባሁ ነው ብዬህ ፊቴ ታጠፍክ። ዞር ብዬ አሳለፍኩህ። ጋሼ አይቶኛል፣ ምክንያት ቢኖረው ነው ብዬ።»

«ባዶህን ነበርክ?»

«ተወው ጋሼ፤ አልፏል።»

«ባዶህን ነበርክ ወይ?»

«አራት ሰው ይዤ ነበር። ሁለቱ ልጆች ነበሩ።»

ጋሽ ዙር ወረቀቱን የነዳጅ በርሜሉ ላይ ዘረጋ። ደግሞ ቀኑን ጠየቀው፤ ሰዓቱን፤ ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር ሳይቀር። ሰውየው የሚያስታውሰውን ነገረው። ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና መጋዘኑን ዞሮ ሄደ። ገና ያልጠየቃቸው ሦስት አብራሪዎች ነበሩ።