የልብስ ሰፊው የቬላዩዳን አንገት

ቬላዩዳን ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ከኦታፓላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት የሴት ልብስ ሲሰፋ ኖሯል፤ ደንበኞቹ ግን ድምፁን የሰሙት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። በአፉ ፋንታ የሚያወራለት ራሱ፣ ጭንቅላቱ ነበር። አንዷ መጥታ "ለሐሙስ ይደርሳል?" ስትለው ራሱን ከትከሻ ወደ ትከሻ ቀስ አድርጎ ይወዘውዛል። ይደርሳል ማለት ነው። ፈጠን ፈጠን አድርጎ ከወዘወዘው "እንዴታ! ይሄም ይጠየቃል?" ነው። አንዴ ብቻ ወደ ግራ ጣል ካደረገው ደግሞ "እስቲ እናያለን፣ እጅጌው አስቸግሮኛል" ማለት ነው። በዚያ አገር ሰው ሁሉ እሺ የሚለው እንዲህ ራሱን እየወዘወዘ ነው፤ የቬላዩዳን ግን ይለያል። ሚስቱ ታንካማኒ "እኔ በአፌ አወራለሁ፣ እሱ በራሱ ይለፈልፋል" ትላለች።

እንግዲህ አንገቱ የደረቀው የዚህ ሰውዬ ነው። የደረቀውም፣ ከቀን ሁሉ ቀን መርጦ፣ ልጁ ልትታጭ ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን ነው።

ልጁ ረምያ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው የምትሠራው። በየጠዋቱ ሥራ የምትሄደው በቢጫዋ አውቶቡስ ነው። የአውቶቡሷ ትኬት ቆራጭ ሳጂቭ ይባላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ትኬት ሲቆርጥላት፣ መልስ ሲሰጣት፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ የማያፈሰው መስኮት ጋ ቦታ ሲይዝላት ቆይቶ፣ በመጨረሻ "አጎቴን ልላክ?" አላት። ላክ አለችው። አባቱ ስለሞተ ያሳደገው የእናቱ ወንድም ነው፤ ደግሞም እዚያ አገር የእናት ወንድም ያልተናገረበት ጋብቻ ጋብቻ አይባልም።

ቬላዩዳን በዋዜማው ለረምያ የምትለብሰውን ሰፍቶ ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ እንደተጎነበሰ ዋለ። ከዚያ ላብ በላብ እንደሆነ የጉድጓድ ውሃ በራሱ ላይ ደፋ፤ በእርጥብ ፀጉሩ ማራገቢያ ሥር ተቀመጠ፤ ሁለት ትራስ ደራርቦ ተኛ። ጠዋት ሲነሣ አንገቱ እንጨት ሆኗል። ወደ ጎን ማየት ሲፈልግ እንደ በር ሙሉ ገላውን ይዞ ነው የሚዞረው። "ዛሬ ሰው ይመጣብናል፣ ምን ብዬ አስደነግጣቸዋለሁ" ብሎ ለማንም ሳይናገር ቀረ።

አጎትየው ማዳቫን ይባላሉ። ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ነጭ ሽርጣቸው ተተኩሶ የሚቆም የሚመስል፣ ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰውዬ ናቸው። ከዘመዶቻቸው ጋር በጂፕ መጥተው ሻይ ጠጡ፤ የሙዝ ጥብሱንም ቀማመሱ። ስለ ዝናቡም ስለ መንገዱም አወሩ። ከዚያ ማዳቫን ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፦

"እንግዲህ ቬላዩዳን፣ እኛ ልጅቷን ወደናታል። የቀረው ያንተ ቃል ነው። እሺ ነው?" አሉት።

ቬላዩዳን ደስታው ሊያፈነዳው ደረሰ። ያችን ፈጣን ፈጣኗን፣ "እንዴታ"ዋን ሊወዘውዝ ሞከረ። ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው እሳት ለቀቀበት። ራሱ ንቅንቅ አላለም። ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከአፉም "እኽ!" የሚል ነገር አመለጠው።

ማዳቫን የሻይ ብርጭቆአቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ገባኝ" አሉ። "ትኬት ቆራጭ አይመጥነንም ነው።"

ታንካማኒ ጣፋጩን ይዛ ከማድቤት ስትወጣ እንግዶቹ በር ላይ ጫማቸውን እያደረጉ ነበር። እሷ "ኧረ ቆዩ! ኧረ ምን ሆናችሁ?" እያለች ስትከተል ጂፑ ተነሥቶ ሄደ። ተመልሳ ባሏ ፊት ቆመች።

"ምን አልካቸው?"

"ምንም" አለ ቬላዩዳን።

"ምንም! ሠላሳ ዓመት ዶሮ ሲጮህ እንኳ ራስህን እየወዘወዝክ፣ ዛሬ ምንም?"

ረምያ ከበስተኋላው መጥታ ማጅራቱን ነካ ስታደርገው ቬላዩዳን ቤቱን በጩኸት ሞላው። ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባቸው።

ነገሩ በስልክ በተፈታ ነበር፤ ግን ሁለት ነገር መጣ። አንደኛ፣ በሦስተኛው ቀን ካርኪዳካም ገባ፤ የዝናቡ ወር ነው፤ በዚያ ወር የጋብቻ ወሬ አይነሣም። ሁለተኛ፣ ማዳቫን አላምንም አሉ። ሳጂቭ ቢያስረዳ፣ ቢለምን፣ እሳቸው እንዲህ አሉት፦ "እኔ ያንን ራስ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። የጃንጥላዬን ጨርቅ ሲጠግንልኝ እንኳ ሦስት ጊዜ ወዝውዞልኛል። የእኅቴ ልጅ ከጃንጥላ ያንሳል? በዓይኔ ካላየሁ አላምንም፤ እዚያ ቤትም ዳግመኛ እግሬ አይረግጥም። ቺንጋም ሲገባ ፓታምቢ ሄጄ ሌላ ልጅ አጠያይቃለሁ።"

ቺንጋም ከካርኪዳካም ቀጥሎ ያለው ወር ነው። እንግዲህ ቬላዩዳን ያለው አንድ ወር ብቻ ነው። በዚያ ወር አንገቱ ካልተፈታ ልጁ ሳጂቭን ልታጣው ነው።

ታንካማኒ ባሏን ይዛ ካርትያያኒ አማ ዘንድ ሄደች። ካርትያያኒ አማ ከአባታቸው የወረሱትን፣ አዩርቬዳ የሚባለውን ያገሩን ባህላዊ ሕክምና የሚሠሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ቤታቸው ገና ከደጁ የሰሊጥ ዘይትና የተቀቀለ ቅጠል ይሸታል። በዝናቡ ወር ሰው ሁሉ ገላውን ሊታሽ ስለሚመጣ በረንዳው በጃንጥላ ተሞልቷል። አንገቱን ከመንካታቸው በፊት ጣቶቹ ደንዝዘው እንደሆነ፣ ክንዱ ጉልበት አጥቶ እንደሆነ ጠየቁት። "እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ትልቁ ሆስፒታል ነው የምትሄደው" አሉት። ጣቱም ክንዱም ደህና ነው። ከዚያ ዝቅተኛ ዱካ አመጡለት።

"በል፣ እንደምትሰፋ ሆነህ ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። አሮጊቷ ዙሪያውን ዞረው አዩትና ሳቁ።

"ተመልከቺ ታንካማኒ፣ ባልሽ ማጭድ ሆኗል። ትራስህ ስንት ነው?"

ቬላዩዳን በልማዱ ራሱን ሊያንቀሳቅስ ሲል አመመው።

"በአፍህ! ራስህ ዛሬ ፈቃድ ወጥቷል።"

"ሁለት" አለ።

"በላብህ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍተሃል?"

"አዎ።"

"ማራገቢያም ሥር ተቀምጠሃል። ማታም እርጎ በልተሃል፣ አይደል? ነፋስ ነው የገባብህ፤ በሩን የከፈትክለት ግን ራስህ ነህ።"

በደረቱ አስተኙትና ማጅራቱ ላይ በጥራጥሬ ዱቄት ሊጥ ክብ ሠሩ። በመሐሉ ለብ ያለ ዘይት ሞሉበት። ትንሽ ኩሬ ሆነ። ታንካማኒ ከላይ እያየች "በዚህ ዝናብ እንቁራሪት እንዳይገባበት ብቻ" አለች። ቬላዩዳን መሳቅ ፈለገ፤ ከሳቀ ዘይቱ ይፈስሳል። ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ዘይቱ ሲነሣ ደግሞ በጨርቅ የታሰረ ትኩስ ቅጠል ዘይት ውስጥ እየነከሩ አንገቱንና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

ሲጨርሱ ካርትያያኒ አማ እንዲህ አሉት፦ "ይሄ የኔ ሥራ ነው። ያንተን ደግሞ ስማ። ትራሱን ትጥላለህ። በሙቅ ውሃ ትታጠባለህ። ማታ የምትበላው ትኩስ የሩዝ ገንፎ ነው። ጠረጴዛህን አራት ጡብ አስገብተህ ከፍ አድርገው፤ ጨርቁ ወዳንተ ይምጣ እንጂ አንተ ወደ ጨርቁ አትሂድ። በሱቅህ ደጅ ስንት አውቶቡስ ያልፋል?"

"ቢጫዋ ብቻ። በቀን ስምንት ጊዜ።"

"ጥሩንባዋን በሰማህ ቁጥር እጅህን ከመኪናው አንሣ፣ ቀና በል፣ ከዓይንህ እስክትሰወር ድረስ በአንገትህ ሸኛት። ካመመህ ቁም። ከዘይቱ የሚበልጠው ይሄ ነው። ወሩ እስኪያልቅ ደግሞ ራስህን እንዳትወዘውዝ! እሺ?"

ቬላዩዳን ሊወዘውዝ ቃጣውና ተወው። "እሺ" አለ።

በማግስቱ ቢጫዋ አውቶቡስ ጥሩንባዋን ነፋች። ቬላዩዳን ቀና አለ። በሯ ላይ ሳጂቭ ተንጠልጥሏል። በአጎቱ ነገር የተቆጡ የመሰሉት የወደፊት አማቱ እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው ሲያፈጡበት ሲያይ፣ የያዘው ትኬት ከእጁ አምልጦ በዝናቡ በየመንገዱ ተበተነ። በቀን ስምንት ጊዜ፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ እንዲህ ፈጠጡበት። በሁለተኛው ቀን ማታ ረምያን በስልክ "አባትሽ ሊገድሉኝ ነው?" አላት። እሷ በሳቅ ፈነዳች፤ የሐኪሟንም ትእዛዝ ነገረችው።

ከዚያ ወዲህ ሳጂቭ ገና ከሩቅ ይጀምራል።

"ጋሼ! ዛሬስ እስከየት?"

አውቶቡሱ ውስጥ ኩንጂፓቱ የምትባል ዓሣ ሻጭ አለች፤ በየቀኑ ከቅርጫቷ ጋር የፊተኛው መስኮት የሷ ነው። የአንገቱን ነገር መለካት የጀመረችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት የቬላዩዳን አንገት አውቶቡሷን የሚሸኛት እስከ ማንጎው ዛፍ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ በር ሙሉ ገላው ይዞራል።

"ማንጎው ላይ ቆመ!" ትላለች ኩንጂፓቱ። "ዘይት ጨምሩለት!"

በሁለተኛው ሳምንት የውሃ ቧንቧው ጋ ደረሰ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። አንድ ቀን ተመልሶ ማንጎው ላይ ሲቆምባቸው ኩንጂፓቱ ራሷን በመስኮት አውጥታ "ትናንት ማታ እርጎ በልተሃል! አትዋሽ!" ብላ ጮኸችበት። እውነቷን ነበር። ታንካማኒ ከሱቁ ጀርባ ካለው ቤታቸው ጓሮ ሆና ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ እርጎው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ወሬው ማዳቫን ጋም ደረሰ። "ለአውቶቡስ ይዞራል" አሉ፣ ጃንጥላቸውን መሬት እየመቱ። "ለኔ ግን ምሰሶ!"

ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ቬላዩዳን አውቶቡሷን እስከ መታጠፊያው ድረስ በአንገቱ ብቻ ሸኛት። በራሱ ማውራቱ ግን ገና ነበር። መዞሩ ተመለሰ፤ መወዝወዙ ይመለስ አይመለስ ገና አልሞከረውም። የካርትያያኒ አማን ቃል አክብሮ፣ ደግሞም ፈርቶ።

ቺንጋም ገባ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ማዳቫን የተተኮሰ ሽርጣቸውን ለብሰው ወደ ፓታምቢ ሊሄዱ ተነሡ። ወደዚያ የምትወስደው ደግሞ ያችው ቢጫዋ ናት። ሳጂቭ ትኬቱን ቆርጦ ሰጣቸው። ኩንጂፓቱ ግን ቅርጫቷን ብድግ አደረገች።

"ጌታው፣ እዚህ መስኮት ጋ ይቀመጡ። ነፋሱ ጥሩ ነው።"

"ዓሣ ዓሣ ይሸታል።"

"ሲበሉት መች ይሸትዎታል! ቁጭ ይበሉ።"

ተቀመጡ። ሾፌሩ ለሱቁ ሲቃረብ ሌላ ጊዜ አንዴ የሚነፋትን ጥሩንባ ሦስት ጊዜ ነፋት፤ ፍጥነቱንም ቀነሰ። ረምያ ሱቁ ደጅ አውቶቡስ እየጠበቀች ቆማለች። ቬላዩዳን እንደ ልማዱ እጁን ከመኪናው አነሣ፣ ቀና አለ። የኩንጂፓቱን ፊት ጠብቆ የማዳቫንን ፊት አየ።

የዚያን ቀን ብርጭቆአቸውን ያስቀመጡት ትዝ አለው። አንገቱ እምቢ ቢለውስ? ልጁ ደጅ ቆማለች። ዓይኑን ጨፈነና አንገቱን ለቀቀው።

ራሱ ሄደ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ፤ ፈጣኗ፣ "እንዴታ"ዋ ሙሉ ለሙሉ ወጣች። አላመመውም። ዓይኑን ገልጦ ደገመው። አውቶቡሱ በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። ሳጂቭ የበሩን ብረት እንደያዘ ዘለለ።

"አቁም!" አሉ ማዳቫን። ሾፌሩ አስቀድሞ ቆሞ ነበር።

ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። ሱቁ ደጅ መጥተው ቆሙ።

"አሁን ይሄ የተወዘወዘው ለማን ነው? ለአውቶቡሱ ነው ለኔ?"

ቬላዩዳን ተነሣ። "ለርስዎ ነው" አለ። "የዚያን ቀንም ለርስዎ ነበር። አልወጣ አለኝ።"

"ታዲያ በአፍህ አትናገርም ነበር?"

"አልለመደብኝም።"

ማዳቫን ጃንጥላቸውን ቀሰሩበት። "እስቲ ድገመው።"

ደገመው።

"አንዴ ደግሞ።"

"ኧረ በቃዎት!" አለች ኩንጂፓቱ ከመስኮት። "ዓሣዬ ሊበላሽብኝ ነው!"

ማዳቫን ሳቃቸው አመለጣቸው። ወደ ረምያ ዞር ብለው "ልጄ፣ እኔም እሺ ብያለሁ" አሉና፣ እንደ ወጉ ራሳቸውን ሊወዘውዙ ሲሉ መሐል ላይ "ኧኽ!" ብለው ማጅራታቸውን ያዙ።

ታንካማኒ ከጓሮ ሮጣ ስትመጣ ረምያ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ትስቃለች፤ ሳጂቭ ደግሞ ተሳፋሪውን ሁሉ እየዞረ ያቅፋል። ፓታምቢ የመሄዱን ነገር ማንም አላስታወሰውም፤ ደግነቱ ማዳቫን ገና ለማንም አልነገሩም ነበር። አውቶቡሷ ሄደች፤ እሳቸው ቀሩ።

ለሠርጉ የሚለብሱትን ሸሚዝ ቬላዩዳን ራሱ ሊሰፋላቸው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ትከሻቸውን ለካ፣ ክንዳቸውን ለካ። የኮሌታውን ሊለካ አንገታቸው ላይ ሲያዞረው ማዳቫን ፊታቸውን አጨፈገጉ። ቬላዩዳን ሜትሩን እንደያዘ ቆመ። ጎንበስ ብሎ አቀማመጣቸውን አየ።

"ትራስዎ ስንት ነው?" አላቸው።

"ሁለት። ምነው?"

"አንዱን ይጣሉት። ሌላውንም ይጣሉት። ማታ እርጎ አይብሉ፣ በላብዎ ውሃ አይንካዎት፣ ማራገቢያ ሥር አይቀመጡ። ነገ ጠዋት ካርትያያኒ አማ ዘንድ እወስድዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እዚህ እኔ ጎን ወንበር አወጣልዎታለሁ፤ አውቶቡሷ ስታልፍ አብረን ቀና እንላለን።"

ታንካማኒ በሩ ላይ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። በሠላሳ ዓመት ይህን ያህል ሲያወራ ሰምታው አታውቅም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አዳመጠችው።