ሰማንያ ቀን የሞላት ልጅና አልነሳ ያለችው መኪና

ጀርመን፣ ኡንተርሊደርባህ ሰፈር፣ ሳይነጋጋ

ልጄ ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው። ክርስትና ትነሳለች፤ እኔም ከወለድኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችን የውሰት ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ዛክሰንሃውዘን ሰፈር ያሉ ጀርመኖች እሑድ እሑድ ይለቁልናል። ስለዚህ የክርስትናው ገንዳ፣ ከበሮው፣ የእመቤታችን ሥዕል ሁሉ በጭነት መኪና ይመላለሳል። ትናንት ጭነን ደጃችን አቆምናት። ገንዳው ከቅዳሴ በፊት ካልደረሰ ጥምቀቱ ለሌላ እሑድ ይተላለፋል።

አቦይ ገብራይ ቁልፉን አዞሩ። ቀጭ ቀጭ አለች፤ ሌላ ድምፅ የላትም። አቦይ ልጅ ሳሉ አስመራ ከተማ በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባለቤቴ ሞተሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቃቸው።

«ሞተሩማ መች ተራው ደረሰ» አሉት።

ቁልፉ ሲዞር የፊት መብራቱ ይደበዝዛል። የባትሪዎቹን ክዳን ከፈቱ። ገመዶቹን ነቀነቁ፤ ጠብቀዋል። ነጭ ዝገት የያዘውን ጫፍ በብሩሽ ፈተጉ። ፊውዞቹንም አዩ፤ ደህና ናቸው። አሁንም ቀጭ ቀጭ። ባለቤቴ የጎረቤት መኪና አምጥቼ በገመድ ላስነሳት ሲል ከለከሉት። ይቺ የምትሠራው በሁለት ባትሪ ነው፤ የቤት መኪና ጉልበት አይበቃትም።

የልጄን ብርድ ልብስ ላወጣ የኋላውን በር ከፈትኩ። ከእመቤታችን ሥዕል በላይ ያለችው የጣሪያ መብራት እንደ ፍም ቀልታ ልትጠፋ ደርሳለች። አብረውን ሊሄዱ የወረዱት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«እኔ ነኝ ያበራሁት። እመቤታችን በጨለማ ትደር?»

አቦይ ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።

«እመቤታችን ባትሪ አትሻም፣ ወይዘሮ ዘነቡ። ይቺ መኪና ግን ትሻለች።»

«ታዲያ ባትበራ ኖሮ ምክንያቱን በምን ታውቁት ነበር?» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ።

አቦይ ሳቃቸው አሸነፋቸው። የተሰበረ ነገር የለም፤ ባትሪው ባዶ ነው እንጂ።

ማዕዘኑ ላይ ዳቦ የሚያራግፍ ጭነት መኪና ቆሟል። ባለቤቴ ሄዶ ሽታርትሂልፌ፣ ከባትሪው በገመድ እንዲያስነሳልን፣ ለመነ። ሾፌሩ ጥያቄ አላበዛም፤ አስጠጋና ገመዱን ከአቦይ ጋር አያያዘ። ትንሽ ጠበቁ። ቁልፉ ዞረ፤ ተነሳች። ወይዘሮ ዘነቡ እልል ሊሉ ሲሉ የተኛ ሰው አለ አልናቸው፤ በሹክሹክታ እልል አሉ። ሾፌሩ ትኩስ ዳቦ በከረጢት ሰጠን። ከቁርባን በፊት ስለማይበላ ወይዘሮ ዘነቡ ጉያቸው ከተቱት፤ መኪናዋ ለሁላችን ስለማትበቃም ከባለቤቴ ጋር ወደ ባቡሩ ሄዱ።

በመንገድ፣ ጎህ ሲቀድ

እኔና ልጄ ከአቦይ ጋር ነን። የማይንን ወንዝ ተሻገርን። በፍሉግሃፈን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አውሮፕላኖች ተከታትለው ይወርዳሉ። ልጄ በሞተሩ ንዝረት ተኝታለች። አቦይ እስክንደርስ አላጠፋትም፣ ባትሪዋ የሚሞላው ስትሄድ ነው አሉኝ። ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር ጸሎቴን እደግማለሁ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ቄሱ ያለ ገንዳ የት ይሄዳሉ?» አሉኝ።

ዛክሰንሃውዘን

ቅዳሴ አልተገባም። ደጅ ሲጠብቁን የነበሩ ጎበዞች ገንዳውን ተሸክመው ሮጡ። ቄሱ በሩ ላይ ጸሎት ደገሙልኝ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውኃው ሲነካት ልጄ ጮኸች፤ ወለተ ማርያም ተባለች።

እስከ ዛሬ በስልክ ስሰማው የከረምኩትን ቅዳሴ፣ እሷን አቅፌ፣ ከሴቶቹ መሃል ቆሜ አስቀደስኩ።