በአንድ ነጥብ ያሸነፍንበት ቅዳሜ

ልጄ የምትጫወተውን ጨዋታ በአማርኛ ምን እንደምለው እስካሁን አላወቅሁም። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው የሚሉት፤ ነገር ግን በእግርም በእጅም ነው፣ ኳሱም እንደ ሎሚ ሞላላ ነው። አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ "ነይ ሞክሪው" ብላ ወሰደቻትና በዚያው ቀረች። ስቶክሆልም ውስጥ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ሴቶች ጥቂት ስለሆኑ፣ እግሯ የፈጠነ ልጅ ካገኙ አይለቋትም።

እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈርቼዋለሁ። ራሳቸው ላይ የሚያጠልቁት ነገር የለም፣ ትከሻቸውን የሚከልል ነገር የለም። ኳሱ አየር ላይ ሲሆን አንዷ በሌላዋ ጀርባ ላይ ተንጠላጥላ ትዘላለች። "ይሄ ጠብ እንጂ ጨዋታ ነው እንዴ?" ስላት "ታ ዴ ሉንት፣ ማማ" ትለኛለች፤ ተረጋጊ ማለቷ ነው። የምነግራትን አማርኛ ሁሉ ትሰማለች። መልሷ ግን ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው።

ሕጉን ያስረዱኝ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሜልቦርን ሄደው ኖረዋል፤ ወደ ስዊድን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ እዚሁም አስተምረው ጡረታ ወጡ። ልጄ ይህን ጨዋታ መጀመሯን ሲሰሙ ልጅነታቸው የተመለሰ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ባለ ቁጥር ኪስታ ካለው ቤታቸው ካፖርታቸውን ደርበው ይመጡና ከአጠገቤ ይቆማሉ። "አራት ቋሚዎች አሉ፤ በመካከለኞቹ መሀል ከገባ ስድስት ነጥብ ነው። ከጎን በኩል ካለፈ፣ ወይም ተከላካይ ከነካችው አንድ ነጥብ ብቻ። የተመታውን ኳስ መሬት ሳይነካ የያዘች ደግሞ ማንም ሳይጋፋት ትመታለች" ይሉኛል። ስንቴ እንደነገሩኝ!

ያን ቅዳሜ ፀሐይ ነበረች፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባ ነበር። ባለቤቴ ሶደርተልየ ከተማ የሥራ ፈረቃ ስለነበረው አልመጣም። ተጋጣሚዎቹ ከሌላ ከተማ የመጡ ጠንካራ ሴቶች ነበሩ። ልጆቻችን ሲመሩ ይደረስባቸዋል፣ ሲመሩባቸው ይደርሳሉ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነጥባቸው እኩል ሆነ። ያኔ ከኛ ልጆች አንዷ ኳሱን ከሩቅ መታችው። ልጄ ከየት መጣች ሳልል ሮጣ ደረሰችና ከሁለት ሴቶች በላይ ዘለለች። ኳሱን ስትይዝ አየሁ። ስትወድቅ ግን ሌሎቹ ከለሉኝ። ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች፣ ወዲያው የማብቂያው ጡሩምባ ጮኸ።

"ምቱ የሷ ነው! ጡሩምባው አይከለክላትም!" አሉ ጋሼ ክንዴን ጨብጠው።

አንዷ ጓደኛዋ እጇን ስባ አስነሳቻት። ቆመች፣ ትንሽ ዘገየች፣ መታች። ኳሱ ወደ መካከለኞቹ ቋሚዎች ሲምዘገዘግ አንዲት ረጅም ተከላካይ ተወርውራ በጣቷ ጫፍ ነካችው ተባለ። ቋሚዎቹ ዘንድ የቆመችው ዳኛ አንድ ጣቷን ቀሰረች። አንድ ነጥብ። ያ አንድ ነጥብ በቃን። ጋሼ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩት።

ከሜዳው ጥግ ደጋፊዎች ከጨዋታ በኋላ የሚሰበሰቡባት ትንሽ ክፍል አለች። እዚያ ገብተን ሻይ ይዘን ተቀመጥን፤ ክርክሩም ተጀመረ። ጋሼ "አልነካችውም! ስድስት ነጥብ ነው የነጠቁን" ይላሉ። ልጇ ከልጄ ጋር የምትጫወት አንዲት ሽበታም አውስትራሊያዊት ደግሞ ትስቃለች። "አንድ ነጥብ ስላገኘን እናመስግን እንጂ። መጀመሪያ ነገር ልጅቷ ስትወድቅ ኳሱ ከእጇ ያመለጠ መስሎኝ ነበር። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ እንጮህባቸው ነበር።" አንዱ አሰልጣኟ ዘግይታ ቀየረች ይላል፣ ሌላው ነፋሱ ረዳን ይላል። ያሸነፍነውን ጨዋታ እንደ ዶሮ ብልት አንድ በአንድ አወጡት።

በዚህ መሀል ልጄ ልብሷን ቀይራ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯ እርጥብ ነበር።

"እማዬ፣ አሸነፍን እንዴ?" አለችኝ።

በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። የቀለደች መስሎኝ "አሸናፊዋ አንቺ፣ ጠያቂዋም አንቺ!" አልኳትና ሻዬን ሰጠኋት። ፈገግ አለች። ጋሼ ስለ ነፋሱ የተባለውን እየተቃወሙ ሳሉ እጄን ነካ አደረገችኝ።

"እማዬ፣ አሸነፍን እንዴ?"

ድምጿ ያው ነው፣ ፈገግታዋም ያው። ያ አማርኛ ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ የምታወራበት አማርኛ ነበር። ስንት ዓመት ስለምናት የኖርኩትን ቋንቋ አሁን ስትናገር ዝም በይ ልላት ፈለግሁ።

አውስትራሊያዊቷ ያን ጊዜ ስልኳን አወጣች። የመጨረሻውን ደቂቃ ቀርጻው ኖሯል። "ኑ እዩ፣ ይኸው ይለይለት" ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ሁላችንም ጎንበስ አልን። ልጄ ዘለለች፣ ያዘች፣ ወደቀች። "ይዛዋለች! አየሽ፣ ከእጇ አልወጣም!" ብለው ጋሼ ጮኹ። እንደገና፣ አሁን ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጋ ከፈተችው። ሁሉም እጇን ነው የሚያዩት። እኔ ጭንቅላቷን አየሁ። ከኋላ በኩል መሬቱን መታ፣ ነጠረ፣ እንደገና መታ። ከዚያ ኳሱን እንዳቀፈች ዝም ብላ ተኛች። ጓደኛዋ እጇን እስክትስባት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

"ጋሼ፣ ጭንቅላቷ! ጭንቅላቷን ይዩት!"

ጋሼ ቀና አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። ወንበራቸውን ወደ ልጄ ጎትተው በዝግታ ጠየቋት።

"የኔ ልጅ፣ የመጨረሻውን ምት ማን ነው የመታው?"

አሰበች። ሁላችንም እናያታለን። "አላውቅም፣ ጋሼ" አለች፣ እሱንም በአማርኛ። ቀጥላም ወደ እኔ ዞረች። "እማዬ፣ አሸነፍን?"

አውስትራሊያዊቷ ስልኳን አንስታ የመኪና ቁልፏን ያዘች። "አኩተን። አሁኑኑ" አለች፤ ድንገተኛ ክፍል ማለቷ ነው።

ኋላ ወንበር ላይ ልጄን አቅፌ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ካፖርቴ ላይ አስመለሳት። እንቅልፏ መጣ መሰለኝ፣ ዓይኗ ይከደናል። "አትተኚ፣ አናግሪኝ" እላታለሁ፣ ስሜን እንድትነግረኝ፣ የአባቷን ስም እንድትነግረኝ እጠይቃታለሁ። ለባለቤቴ ደውዬ ቃል ከአፌ አልወጣ ሲል ጋሼ ከፊት ወንበር ዞረው ስልኩን ተቀበሉኝ። እሳቸውም "በሕይወት አለች" ብለው ጀመሩ። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ያ ቃል ነው። ያለመኖርም ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት፣ ድምጿ ለስላሳ። ብርሃን ልጄ ዓይን ውስጥ አበራችና ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጄ ያለ ማመንታት "ሐሙስ" አለች። ሐኪሟ ነገሩ አልገባትም፣ ወደ እኔ አየች። ተረጎምኩላት። ለገዛ ልጄ፣ እዚሁ ተወልዳ ላደገች ልጅ፣ አስተርጓሚ ሆኜ ቆምኩ። ወዲያው አልጋዋን እየገፉ ጭንቅላቷን ራጅ ሊያነሱ ወሰዷት፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጋሼና አውስትራሊያዊቷ ተቀምጠው ነበር። ስለ ጨዋታው ያወራሉ። ነካችው፣ አልነካችውም። ደሜ ፈላ።

"ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ስለዚያ ኳስ አያንሱብኝ!"

ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሽከረክሩ ነበር። "ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ" አሉኝ። "ዝም ስል የባሰ እፈራለሁ።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝኩ። "እንግዲያው ያውሩ" አልኳቸው። አወሩ። ሜልቦርን ዝናብ ውስጥ ቆመው ያዩትን ጨዋታ፣ በአንድ ነጥብ የተሸነፈውን ቡድናቸውን፣ ለቀናት እህል አልበላም ያለ የትምህርት ቤት ጓደኛቸውን። አንዱንም በቅጡ አልሰማሁ፤ ድምፃቸውን ብቻ ይዤ፣ በሩን እያየሁ ጸለይኩ። ባለቤቴ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ደረሰ። ምንም ሳይጠይቀኝ በሌላ ጎኔ ተቀመጠ።

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ገና ከሩቅ ፈገግ ብላ ነበር፤ ስለዚያ ፈገግታ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ደም አልፈሰሰም፣ አጥንትም አልተሰበረም። ዬርንስካክኒንግ ነው አለችን፣ የአንጎል መናወጥ። ዕረፍት፣ ጨለማ ክፍል፣ ስልክም ኳስም የለም። ገብቼ ሳያት ልጄ "ሄይ፣ ማማ" አለችኝ። በስዊድንኛ። አልቅሼ ሳምኳት።

ሳምንታት መጋረጃው ተዘግቶ አለፉ። መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር፤ ባለቤቴም ተደብቆ ያደርገዋል። ጨዋታውን ግን ከነአካቴው አላስታወሰችውም። ጋሼ ሊጠይቋት በመጡ ቀን ከመጀመሪያው እንዲነግሯት ለመነቻቸው። ዓይኗን ጨፍና ተኝታ እሳቸው ተረኩላት፣ ማን ለማን እንዳቀበለች፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር። ከዝላዩ ሲደርሱ ቆሙና ወደ እኔ አዩ።

"ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያ ወደቅሽ" አልኳት እኔ። "ኳሱን ግን አልለቀቅሽውም።"

በጸደይ ሐኪሟ ፈቀደችላትና ተመለሰች። አልከለከልኳትም። ልከለክላት ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር፤ ጫማዋን ስታስር ፊቷን አየሁና ዋጥኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ሜዳው ዳር እቆማለሁ። ኳሱ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዘለለች፣ ያዘች፣ ወደቀች ብለው የሚነግሩኝ ጋሼ ናቸው። "ተነሥታለች" እስኪሉኝ ድረስ አልገልጠውም።