ዓይን የተሳለበት እንስራ

ጣሊያን ሲወጣ የሠራው የሲኒማ አዳራሽ ጎንደር ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ግን ለሹማምንትና ለመኮንኖች እንጂ ለእኛ ለሴቶች የሚሆን አልነበረም። እኛ ፊልም ያየነው የጤና ሰዎች በማኪና ይዘውት ሲዞሩ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አቡጀዲ ይወጥሩና ሦስት አራት አጫጭር ፊልም በነፃ ያሳዩን ነበር። ግማሹ ሰው የሚሠራበት ነው፣ ግማሹ ሥዕል ሆኖ የሚንቀሳቀስ። አንዱም ቢሆን ድስት ውሃ እስኪፈላ አይቆይም።

እኔ ያን ጊዜ ካገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ከቄስ ዘንድ ፊደልና ትንሽ ዳዊት ተምሬ ያቋረጥኩ ነኝ። ነገር ግን ከቀሃ ወንዝ የተማርኩት ይበልጣል። ከሲኒማው ማግስት ልብስ ልናጥብ እንወርድና ያየነውን ፊልም እንከራከርበት ነበር። እኛ አገር ክርክር ሲባል ጨዋታ አይደለም፤ ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ዋስ ጥሪ ይባላል። ያላየችውም ሴት ሰምታ ትፈርዳለች። እኔ የምወደው ከገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የምትበላ ፍየል የተሳለችበትን ነበር። መጨረሻ ላይ የእመቤቲቱን ቀሚስ ለብሳ ትሄዳለች። አንድ ሙሉ ጠዋት የተከራከርነው፣ የምትከሰሰው ፍየሏ ናት ወይስ ገመዱን ዝቅ አድርጋ ያሰረችው ሴትዮ በሚል ነው። ለፍየሏ ጠበቃ ሆኜ ረታሁ።

ጎረቤቴ ግን የምትወደው ከመሰላል የሚወድቀውን ሰውዬ ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት ናት፣ ምላሷ ምላጭ ነው።

«ሰው ሲወድቅ ምኑ ያስቃል?» አልኳት።

«አወዳደቁ ነዋ! አንቺን ለማሳቅማ መጀመሪያ ለሰውዬው ካሣ መከፈል አለበት።»

ሴቶቹ ሳቁብኝ። እኔም ይሳቁ አልኩ። ይህ ሁሉ እንስራው ከመምጣቱ በፊት ነው።

እንስራው ያለበት ፊልም በሥዕል የተሠራ ነው። ቤት ውስጥ አንድ የውሃ እንስራ ተቀምጧል። ልጆች ከእሱ ጠጥተው ሆዳቸውን ይዘው ይወድቃሉ። ወዲያው እንስራው ፊት ያወጣል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ጥርስ፣ ፈገግታ። ከአፉ ደግሞ ዓይናማ የሆኑ ትንንሽ ፍጥረቶች እየዘለሉ ይወጣሉ። ፊልሙን የሚያሳየን የክሊኒኩ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊው፣ ከሸዋ የመጣ ወጣት ነው፤ በመለከት መሳይ ድምፅ ማጉያ «ይህ ጀርም ይባላል፣ በዓይን የማይታይ ተባይ ነው» እያለ ያስረዳል። ማን ሊሰማው! ፊቱን እንዳየች ጎረቤቴ ብድግ ብላ «ቡዳ! ያውላችሁ፣ ፈረንጅም አውቆታል!» ብላ ጮኸች። ግቢው ተናወጠ። ቀሪውን ያየ የለም። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ።

በእኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሲታማ እንደኖረ አንባቢ ያውቃል። የከተማው እንስራ ደግሞ የሚመጣው ከወለቃ ነው፤ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ካለው መንደር። ሃይማኖታቸው ከእኛ ይለያል። በሠሩት ዕቃ እንበላለን፣ እንጠጣለን፤ ከእነሱ ጋር ግን አብረን አንበላም። እንዲህ ነበርን። የፈረንጁ ሠዓሊ ለጀርም ብሎ ዓይን ሲያበጅ፣ ለእኛ ሰዎች የሐሜታቸውን ምስክር ሠርቶ ላከላቸው።

በማግስቱ ቀሃ ላይ ስለ ፍየሏ ያነሳ አልነበረም።

እኔ የምገዛው ከአንዲት ሴት ነው። በዕድሜ እናቴን ታክላለች። ዓርብ ዓርብ በጠዋት እንስራዎቿን በአህያ ጭና ትመጣለች፣ የቅዳሜ ሰንበቷ ሳይገባ ቤቷ ለመድረስ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ትመለሳለች። ባሏ ሞቷል። የምትኖረው በእጇ ብቻ ነው። በዚያ ዓርብ ገበያ ብወጣ እንስራዎቿ ሁሉ በተደረደሩበት ናቸው። ሰው ወደ እሷ ሲደርስ ዞር ብሎ ያልፋል። አጠገቧ ባልዲ የሚሸጠው ሰውዬ ዙሪያ ግን ሰው ይጋፋል።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገን። አንቺ ደግሞ ምነው ቀረብሽ? አልሰማሽም?»

«ፊልሙን አይተውታል?»

«እኔ ምን ያሳየኛል! ሰው ሁሉ አይቶልኛል።»

ጎረቤቴ ከኋላዬ ነበረች። «ስሟት፣ ሸክላ ሠሪዋን አንቱ ስትል!» አለች፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። ዞሬ አፍንጫዋ ስር ቆምኩ። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩና ድሬሰሩን አስጠራሁት። መርፌ በእጁ ይዞ ወጣ።

«ያንን ፊልም ደግመህ አሳይ» አልኩት።

«ወደድሽው ማለት ነው?»

«ጠላሁት። አንድ ሰው ተከሶበታል፤ ግማሹን ብቻ አይተን ፈርደናል።»

ሳቀ። «እመቤቴ፣ ይህ የጤና ትምህርት እንጂ ችሎት አይደለም።»

«እንግዲያው ትምህርቱን ማን ተማረው? አንድ ሰው ጠይቅ። ጀርም ካሉህ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

እዚያው ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች ጠየቃቸው። ሦስት ጠይቆ አራተኛውን ተወ። ለእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ሸፍኖ ሊያሳይ ተስማማ። እኔም ወለቃ ድረስ በእግሬ ሄጄ ሴትዮዋን ይምጡ አልኳት። ጭቃ ታሽ ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

«የተከሰሰ ሰው ክሱን ሳይሰማ ይፈረድበታል እንዴ?»

«ሲፈረድብን መቼ ተጠርተን እናውቃለን?»

«አሁን እኔ እየጠራሁዎት ነው።»

ለመንኳት ብል ውሸት ነው። ነዘነዝኳት። ትክክል እንደሆንኩ ሳውቅ ሰው እምቢ ማለት እንደሚችል እረሳለሁ፤ ዛሬም እንዲሁ ነኝ። በመጨረሻ እጇን ታጠበች።

እሑድ ክፍሉ እስከ በር ሞላ። ፊት ለፊት ጸጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ተቀመጡ፤ ሰፈራችን ሲጣላ የሚያስታርቁ ናቸው፣ ሁላችንም አያ እንላቸዋለን። እኔ ሴትዮዋን አጠገቤ አስቀመጥኩ። ከኋላችን ያለው አግዳሚ ባዶ ሆነ። ማሽኑ መንኳኳት ጀመረ። ፍየሏን አስቀድሞ ቢያሳይም የሳቀ አልነበረም።

እንስራው መጣ። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። አንድ ልጅ ከውጭ ይገባል፣ እጁ ቆሻሻ ነው። በዚያ እጅ ጣሳ ያነሳል፣ ጣሳውን እንስራው ውስጥ ይነክራል። ያን ቀን አይተን ሳለ ፊቱ ያስረሳን ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ፊት የሚመጣው። ዓይኖቹ ሲገለጡ ከወንበሬ ተነሳሁና «በሕግ አምላክ! አቁም!» አልኩ።

በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ሌባም ሆነ መኮንን እግሩን አያነሳም። ድሬሰሩም የሸዋ ልጅ ቢሆን የዚሁ አገር ሰው ነው፤ እጁ ሳያስበው ማሽኑን አቆመ። እንስራው ከነዓይኑ አቡጀዲው ላይ ቀጥ አለ። ወዲያው ግን ከግራ ዓይኑ መሐል ቡናማ ነጥብ ብቅ አለች፣ አረፋ ሠርታ ሰፋች፣ ፊቱን በላችው፣ ከዚያ ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሲኒማ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ፊልሙ ሲቆም አምፖሉ ይፈጀዋል። እኛ ግን አናውቅም። ሰው ሁሉ ዞሮ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት አየ።

ድሬሰሩ ብርድ ልብሱን ከመስኮት ገፎ «የመንግሥት ንብረት አቃጠልሽ!» አለኝ።

«ንብረቱን ኋላ ትጠይቀኛለህ። አሁን መልስልኝ። ጀርሙ በምን ገባ?»

«በእጅ። በልጁ እጅ።»

«ከእጁ ወደምን?»

«ወደ ጣሳው።»

«ጣሳ ከምን ይሠራል?»

«ከቆርቆሮ።»

«እንግዲያው ምነው ዓይኑን እጁ ላይ ያልሳላችሁት? ምነው ቆርቆሮው ላይ ያልሳላችሁት?»

ብርድ ልብሱን አጣጠፈ። ከዚያ፣ መልካም መልስ ያገኘ መስሎት፣ «እጅ ላይ ቢሳልማ ሰው ይቀየማል» አለ።

«እሷስ ሰው አይደለችም?»

ክፍሉ አጨበጨበ። አያም በትራቸውን ወለሉ ላይ ቀጥቀጥ አደረጉና «ልክ ናት። እንስራው አልበደለም። የበደለው እጅ ነው» አሉ። ጎረቤቴ እንኳ «ሸጋ ተናገርሽ፣ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ምክንያቱም ያው ያጨበጨበው ሰው ወደ በሩ ስንሄድ ለሁለት ተከፍሎ ሰፊ መንገድ ለቀቀልን፤ ለክብር አይደለም። የጎረቤቴ ነጠላ የሕፃን ልጇ ፊት ላይ ነበር።

ደጅ ስንወጣ ሴትዮዋን ምን ይላሉ አልኳት፣ ስለ ፊልሙ።

«የሣለው ሰው እንስራ አያውቅም» አለች። «አንገቱን አጥብቦታል፤ እጅ ገብቶ አይታጠብም። ጆሮው በአንድ ጎን ነው፤ ጀርባ ላይ አይቆምም። እኔም ብሆን አልገዛውም።»

በጣም ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ምነው አመጣሽኝ?» አለች። «እስከ ክረምት ይረሱት ነበር። አሁን ዓይኔ ፊልሙን ሲያቃጥል አዩ።»

«አምፖሉ ነው እኮ! ድሬሰሩ ተናገረ!»

«ሰማሁ። እነሱም ሰሙ።»

እሷ ያለችው አልቀረም። በሳምንቱ ቀሃ ላይ ፊልሙን ጨርሶ ያላዩ ሴቶች ካየነው አብልጠው ያወሩት ነበር፤ ሴትዮዋ ተነስታ እንደቆመች፣ ከዓይኗ ጢስ እንደወጣ። አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ ብላቸው፣ «ለአንቺ አይታይሽም፣ ይዛሻለች» አሉኝ። ክርክር ያልኩትን ነገር ያን ቀን ጠላሁት። ድሬሰሩ የተቃጠለውን ቆርጦ ፊልሙን ቀጠለው። የተቆረጠው ያ ፊት ነው። ወደ ዳባትና ወደ ዛሪማ ሲሄድ እንስራው ዓይን አልነበረውም። ማኪናው ከመድረሱ በፊት ግን ወሬው ከነዓይኑ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ የመጡ ነጋዴዎች ነገሩን።

ሴትዮዋ ዓርብ መምጣት ተወች። ባልዲ ሻጩ በቦታዋ ላይ ተዘረጋ።

ወለቃ ስወርድ ከመንገድ ዳር፣ ቤቷ ደጃፍ፣ ጥቂት እንስራ አሰልፋ አገኘኋት። አላፊ መንገደኛ አንዳንዴ ይገዛል፣ ያልሰማ መንገደኛ። ለምግብ ያህል ይሆናል አለች። እኔ ዳኛው ዘንድ ሄጄ አቤት እንደምል፣ አያንም እንደማስመሰክር ነገርኳት። ጎረቤቴን በስም ማጥፋት ልከሳት አስቤ ነበር።

አንዱን እንስራ አነሳች፣ በጣቷ አጥንት መታችው፣ ድምፁን አዳመጠች፣ ሰጠችኝ።

«ግዢኝ» አለች። «ግን አትከራከሪልኝ።»

«እትዬ፣ እንዲሁ ይቅር?»

«በወሬው ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ። አንቺ ረትተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ዋጋውን ከፈልኳት። እንስራውን አዘልኩ። አጭሩን መንገድ ትቼ በገበያው መሐል፣ በባልዲ ሻጩ ፊት፣ በጎረቤቴም ደጅ አድርጌ ሄድኩ። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ አየችኝና «ደግሞ ከእሷ!» አለች። አፌን ነክሼ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ እንስራውን ውሃ ሞላሁት፣ ጣሳውን አጥቤ በክዳኑ ላይ ደፋሁት።