ሽማግሌ ፊት የቀዘቀዘው ፓይ

የሥጋ ፓይ ልትሠሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ሥጋውን አታስፈጩ። በማሽን የተፈጨ ሥጋ ውሃውን ለቆ ታች ያለውን ሊጥ ያበሰብሰዋል። በቢላ ይከተፍ፤ ወፍራም ጣውላ ላይ፣ ሳይቸኩሉ፣ ባቄላ እስኪያክል ብቻ። እኔ አሁን መክተፉንም ሊጥ መዳመጡንም ትቻለሁ። ቀኝ እጄ ከአንጓው ከተሰበረ ወዲህ ተጣሞ ነው የገጠመው፤ ቢላ አይጨብጥልኝም። አፌ ግን ደህና ነውና ልናገር።

ፓይ ያስተማረችኝ እዚህ ሰው አገር፣ ዌስተን የሚባል ሰፈር ልጄ ቤት ስኖር ከግድግዳችን ወዲያ ለብቻዋ የምትኖር ነጭ ባልቴት ናት። መቼም እኔ አንድ ቤት አርፌ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። ሁለት ሳምንት ኢቶቢኮ የእህቴ ልጅ ዘንድ፣ ከዚያ ልጄ ዘንድ፣ ሲሰለቸኝ ደግሞ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ልጄ ለእንግዳ ሁሉ «እናቴን ከፈለጋችሁ ሹፌሩን ጠይቁ» እያለ ያስቅብኝ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበር የሚደረድር፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ማኅፀን ይባረክ» ይለኛል። እኔም አሜን እላለሁ።

ከባልቴቷ ጋር የምንግባባው በእጅ ነው። ሊጡን እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት ስጀምር እጄን በማንኪያ መታችኝ። በረዶ ያለበት ውሃ አቀረበችና እጄን እዚያ ነክራ አቆየችው። ለካ የኔ እጅ ሞቃት ነው፤ ቅቤው እጅ ላይ ከቀለጠ ሊጡ እንደ ቆዳ ይደድራል። እሷ በቅቤ ፈንታ ነጭ ስብ ነበር የምታገባው። የምን ስብ ነው ብዬ በምልክት ብጠይቃት አፍንጫዋን በጣቷ ወደ ላይ ገፍታ እንደ አሳማ አጉረመረመች። እኔ እያማተብኩ ወደ በሩ ሳፈገፍግ ሳል እስኪያፍናት ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ስመጣ ቅቤ ነው የምታወጣው። በርበሬና ኮረሪማ ሳስገባ እሷም አታማትብብኝም፤ እኩል ሆንን።

የቀረውን እንዲህ ነው ያሳየችኝ። ሥጋው ከሽንኩርቱ ጋር በስሎ መረቁ እስኪጠብቅ ይጠበቃል፤ ከዚያ ደግሞ ፍጹም እስኪቀዘቅዝ። ትኩስ ሥጋ ሊጥ ውስጥ ከገባ ቅቤውን ኦቨን ሳይገባ ያቀልጠዋል። ክዳኑ ላይ በቢላ አራት ቦታ መቅደድ ያስፈልጋል። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ፓዩ በጎኑ ይፈነዳል። አንድ ቀን ረስቼው ፈንድቶ ኦቨኑን ስፍቅ ዋልኩ።

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ሥጋ እየከተፍኩ ነበር። ምራቴ ከሥራ ገባች። አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ ስታስተኛ ውላ ወገቧን ይዛ ነው የምትገባው። እኔን ሳመችና ለባሏ የእሑድ የሥራ ሺፍት መውሰዷን ነገረችው። እሱ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ባዶ ወንበር አጠገቤ አድርጌ አልቀመጥም፣ ሰው ምን ይለኛል አለ። እሷ ጫማዋን እያወለቀች፣ የምትሄደው ለእግዜር ነው ወይስ ለሰው አለችው። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

ማጅራቷ ላይ ጸጉሯን ጨብጦ ግንባሯን ከቁም ሳጥኑ ጠርዝ ጋር አላተማት። አንድ። ሳትጮህ ሁለተኛ አላተማት። ሦስተኛው ላይ ወደ እቃ ማጠቢያው ገፋት፤ አፏ ብረቱን መታ፤ ጥርስ ገንዳው ውስጥ ሲወድቅ እንደ ሳንቲም ጮኸ።

እኔ ቢላዬን አላቆምኩም።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የዚህ ልጅ አባት እኔን ሲደበድብ አማቴ ሙቀጫ ታነሳ ነበር። ባዶም ቢሆን ትወቅጣለች። ጎረቤት የኔን ድምፅ እንዳይሰማ፣ የቤት ገበና ከአጥር እንዳይወጣ። ዱላው ሲያበቃ ዘነዘናዋን ታስቀምጥና ቅቤ ቁስሌ ላይ ትቀባኛለች። ደግ ሴት ነበረች። እኔም ያየሁትን ነው የሠራሁት፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ጣውላውን እደበድባለሁ፣ ሥጋው ከባቄላ አልፎ ተልባ አክሏል፣ ባልቴቷ ከወዲያ ግድግዳውን ትመታለች፣ እኔ ይብስ አጠነክራለሁ። የልጅ ልጄ መኝታ ቤት ነበረች። እሷም እንዳትሰማ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ልጄ በሩን ዘግቶ ወጣ። ምራቴ አፏን ተጉመጥምጣ ጥርሷን በወረቀት ጠቀለለችና አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ቢላዬ የቆመው።

«እማዬ፣ አይተዋል አይደል?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ሰው ሲጠይቅዎ ያዩትን ብቻ ይናገሩልኝ። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።»

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተመታለች። ሁለቱንም ጊዜ ለገዛ እህቷ ነግራ፣ እህቷ እኔን ኮል አድርጋ ስትጠይቀኝ፣ ወድቃ ነው ብያለሁ። እናት ነኝ። እህቷ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ቤት አላት፤ ምራቴ ልጅቷን ይዛ እዚያ ለመግባት የቀራት የሚመሰክርላት ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ይህን እያወቅሁ ያደረግሁት ምን መሰላችሁ? ሽማግሌ ጠራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሆነው መጡ፤ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ምራቴ ሥራ አልሄደችም። አፏ አብጦ እንዴት ብላ ትሂድ። እኔ ያንኑ ሥጋ ፓይ አድርጌው ነበር፤ ሙሉ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ያደረ ሥጋ፣ ቅቤው ያልቀለጠ ሊጥ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ወጥቶልኝ አያውቅም። በመስታወት ሣህን መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ በአራቱ ቅዳድ እንፋሎቱ ይወጣል። ወጉን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም። ቢላውን ከጎኑ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ልጄ የሦስቱንም ጉልበት ሳመ። አንገቱን ደፍቶ፣ ተናድጄ ገፋ አድርጌያት ነበር፣ መሬቱ አዳልጧት ወደቀች፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። እንባውም መጣ። የሱ እንባ እውነተኛ ነው፤ የአባቱም እንደዚያው ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ወደ ምራቴ ዞረው፣ ይኸው አምኗል፣ ወንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይሁን አሏት። እሺ አላለችም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ባልሽ ጠጪ አይደል፣ ሰካራም አይደል፣ የልጅሽን አባት ለሰው መሳቂያ አታድርጊው አሏት። ሦስተኛው ቀልደኛ ናቸው። ፓዩን በአገጫቸው እያሳዩ፣

«ልጄ፣ እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ ይህን የእማምዬን ሥራ ሳልቀምስ ብወድቅ ኃጢአቱ ባንቺ ነው» አሉ።

ሁሉም ሳቁ። ልጄም በእንባው መሃል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ትልቁ ወዲያው ቀጠሉ፣ በይ እንጂ፣ የአማትሽ ድካም ቀዘቀዘ እኮ። እውነታቸውን ነው፤ እንፋሎቱ ቆሟል። ምራቴ ፓዩን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አላለቀሰችም። ብቻ እንደደከመው ሰው ትከሻዋ ወረደ፤ እሺ ልትል አፏን ስትከፍት የጥርሷን ባዶ ቦታ አየሁት።

ጅብ ለመያዝ ወጥመድ ላይ ሥጋ ይደረጋል። የወጥመዱን ሥጋ የከተፍኩት እኔ ነኝ።

ቢላውን አንስቼ ፓዩን ቆረስኩት። ሽማግሌዎቹ የተሰበረ ነገር እንደሰሙ ቀና አሉ፤ እሺ ሳይባል ማዕድ መቁረስ ሽማግሌን ማባረር ነው። ለስላሳውን መሃሉን ጠቀለልኩና ጥርስ ባልጎደለበት በኩል ምራቴን አጎረስኳት።

«ጋሼዎች፣ ብሉ» አልኩ። «እርቅ የለም። አልወደቀችም።»

ትልቁ ሽማግሌ፣ እንዴት እንዴት እትዬ አሉ። ልጄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እማዬ፣ ዝም በይ።»

«ሦስት ጊዜ ነው ያላተማት። ሥጋ እየከተፍኩ ቆጥሬያለሁ። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ መትቷታል፣ ሁለቱንም እኔ ዋሽቻለሁ።»

ልጄ ሣህኑን አነሳና ግድግዳ ላይ ወረወረው። መስታወቱ ተበታተነ፣ ሥጋው የቀልደኛው ሽማግሌ ነጠላ ላይ ተለጠፈ፣ መረቁ በግድግዳው ላይ ወረደ። ምራቴ ልጅቷ ወዳለችበት ክፍል ሮጣ በሩን ቆለፈች። ልጄ ወደኔ መጣ። ቢላው እጄ ላይ ነበር፤ ቢላውን ሊቀማኝ ነው ብለው የሚያምኑለት አሉ። ዓይኑን ያየሁት እኔ ነኝ። አንጓዬን ይዞ ጠመዘዘው። እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት ሕመሙ ሳይመጣ በፊት ነው። መሬት ላይ ተንበርክኬ እንኳ አለቀቀኝም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተረባርበው ያዙት፤ አንዱን በክርኑ አፍንጫቸውን መታቸው፣ ሌላው ከወንበር ጋር ወደቁ፣ ነጠላው ሁሉ ደም በደም ሆነ። ግድግዳው ይመታል፣ ከዚያ በሩ ይመታል። ባልቴቷ ናት። ፖሊስ ጠርታ፣ የሊጥ መዳመጫዋን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች።

ሐኪም ቤት የኛን ቋንቋ የሚናገር ሰው በስልክ አገናኙኝ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ ትሑት ልጅ።

«እማማ፣ ዶክተሩ እጅዎ እንዴት እንደተሰበረ ነው የሚጠይቁት» አለችኝ።

ወደቅኩ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ለአባቱ ስንት ዘመን የተናገርኩት ቃል ነው፤ ሳላስበው ይወጣል። ምራቴ አጠገቤ ነበረች፣ እንዲህ ይበሉ አላለችኝም፤ ወለሉን ነው የምታየው።

«ልጄ ነው የሰበረው» አልኩ።

አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ፣

«ይድገሙልኝ እማማ፤ በትክክል ልተርጉምልዎት።»

ደገምኩላት። በእንግሊዝኛ ስትለው አጭር ነበር።

አሁን የምኖረው ሪጀንት ፓርክ ነው፤ ምራቴና ልጅቷ ያሉበት። አውቶቡሱን ትቼ በሐዲድ ላይ በሚሄደው ስትሪትካር እዞራለሁ። የፓዩን ሥጋ የምትከትፈው ምራቴ ናት፤ የልጅ ልጄ ሊጡን ትዳምጣለች፣ እጅሽን በረዶ ውሃ ውስጥ ንከሪ ስላት «ኖ» ትለኛለች፣ በማንኪያ አልመታትም። ምራቴ ከትፋ ከትፋ መሃል ላይ ቢላውን ታቆማለች። ለምን እንደምታቆም አልጠየቅኋትም። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ከወዲያ የሚጮህ ሰው የለም፣ ከዚያ ትቀጥላለች።

ልጄ ኢቶቢኮ ምድር ቤት ተከራይቶ ብቻውን አለ። ምራቴ ያለችበት ድርሽ እንዳይል ዳኛ አዞታል። እኔ አልፎ አልፎ የፓይ ቁራሽ በጨርቅ ጠቅልዬ እሄድለታለሁ፤ ሆዴ አይጨክንም፣ የወለድኩት ነው። እጄን አያየውም። ባለፈው ሳልቀመጥ ነው የጀመረው፤ እማዬ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች ላኪልኝ፣ አንቺ ካልሽ ትሰማለች አለ። ጨርቁን ፈትቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሽማግሌ አልልክም» አልኩት። «ብላ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ቁራሹን ከጨርቁ ላይ አነሳ። ከዚያ በላ።